ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ ሊኑክስ ላይ የሚሠራውን በምን ልለየው?

ሰማያዊ_ስክሪን፦

ሰላም ሰዎች። የድሮ ላፕቶፔ ላይ የነበረው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉን ሲያቆም ወደ 11 ልሻገር ብል፣ ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) የለውም ተብዬ ቀረሁ። ተናድጄ በዊንዶውሱ ፋንታ ሚንት የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩበት። እውነት ለመናገር ወደድኩት፤ ፈጣን ነው፣ አይነዘንዝም። ግን ሁለት ጣጣ አለበት። ዋይፋዩ በየሰዓቱ ይቆረጣል። ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ደግሞ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ማጥፊያውን ተጭኜ ይዤ ካልገደልኩት አይነሳም።

አሁን ሌላ ልገዛ ነው፤ ከመጀመሪያውም ለሊኑክስ ብዬ። አንዱ ጓደኛዬ "ዘንድሮ ሁሉም ይሠራል፣ ዝም ብለሽ ግዢ" ይለኛል። ሌላው "ላፕቶፕና ሊኑክስ አይስማሙም፣ ገንዘብሽን አታባክኚ" ይላል። ማንን ልመን? የትኛው ብራንድ ይሻላል?

የምሠራበት፦ ጽሑፍ፣ ኢንተርኔት፣ የቪዲዮ ስብሰባ (በጣም ብዙ)፣ ትንሽ ፓይተን። ጌም አልጫወትም።

ባለ_ተርሚናል፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትንሽ ላዙረው። የትኛው ብራንድ አትበይ፤ ውስጡ ያለው ቺፕ የማን ነው በይ።

ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው ስም ብዙ አይነግርሽም። አንድ ሞዴል፣ አንድ ስም፣ አንድ ዓይነት ሣጥን ሆኖ ግማሹ ከኢንቴል ዋይፋይ ጋር ይወጣል፣ ግማሹ ከሪልቴክ ወይም ከሚዲያቴክ ጋር። ፋብሪካው በዚያ ሰሞን ያገኘውን ካርድ ነው የሚሰካው። ከዚያ አንዱ ገዢ "ልክ እንደ ቅቤ ነው የሄደልኝ" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው "ዋይፋይ የሚባል ነገር የለውም" ብሎ ይጽፋል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጓደኞችሽም እንደዚያው ናቸው።

ሊኑክስ ላይ አብዛኛው ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። እንደ ዊንዶውስ ከአምራቹ ገጽ እያወረድሽ የምትጭኚው አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ የምጭነው ከርነል ይሄን ቺፕ ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም?

ማወቂያው ቀላል ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተሽ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ ጻፊ፣ ክፍተት፣ ከዚያ ሰረዝና ኤንኤንኬ (ሁሉም በትንንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል)። የዕቃዎቹ ዝርዝር ይወጣል። እያንዳንዱ ዕቃ በካሬ ቅንፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተከፈለ ቁጥር አለው፤ ከነጥቡ በፊት ያለው የአምራቹ መለያ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው የዕቃው ነው። የኢንቴል መለያ 8086 ነው። አዎ፣ ያ የድሮው ፕሮሰሰር። ቀልደኞች ናቸው። ከሥሩ እየተጠቀመበት ያለው ድራይቨር ስም ከተጻፈ ከርነሉ አውቆታል ማለት ነው። ያ መስመር ከሌለ ዕቃው ባለቤት የለውም። በዩኤስቢ በኩል ላሉት ደግሞ ኤልኤስዩኤስቢ የሚባለው አለ።

ያንን ቁጥር ገልብጠሽ ኢንተርኔት ላይ ፈልጊ። የላፕቶፑን ስም ከምትፈልጊ አሥር እጥፍ ይሻልሻል።

ያገለገለ_ይሻላል፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ እኔ ግን የምጨምረው ዕድሜን ነው። ሁለት ሦስት ዓመት የቆየ፣ ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ ላፕቶፕ ፈልጊ። ቲንክፓድ፣ ላቲቱድ፣ ኤሊትቡክ የሚባሉት ዓይነት። ምክንያቱ ፍቅር አይደለም። አዲስ ቺፕ ገበያ ላይ ሲውልና ድራይቨሩ አንቺ የምትጭኚው ሊኑክስ ውስጥ ሲደርስ መካከሉ ላይ ክፍተት አለ። ለምሳሌ ሚንት 22 መጀመሪያ ሲወጣ ይዞት የመጣው ከርነል 6.8 ነበር፤ እሱ ደግሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ማርች ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ዋይፋይ ካርድ ብትሰጪው ከየት ያውቀዋል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የግድ አዲስ ካልሽ ከርነሉን ቶሎ ቶሎ የሚያድስ ስርጭት (የሊኑክስ ዓይነት) ውሰጂ፣ ፌዶራ አለ። ኡቡንቱም ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ስሪቶቹ ኤችደብሊውኢ የሚባል አዲስ ከርነል በየጊዜው ያወጣል።

ጌመሩ፦

ግራፊክስ ማንም አላነሳም እኮ!! የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለበትን አትንኪው። በቃ።

ባለ_ተርሚናል፦

@ጌመሩ ኧረ ይሄ ነገር እ.ኤ.አ. የ2012 ወሬ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ያኔ ፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጣቱን ቀስሮ ኤንቪዲያን የተሳደበበት ቪዲዮ እስከ ዛሬ ይዞራል፤ ኩባንያው ግን በ2022 ሜይ ላይ የከርነል ሞጁሉን (ከርነሉ ላይ የሚሰካውን የድራይቨር ክፍል) ኮድ ክፍት አድርጓል። ዛሬ ብዙ ሰው ያለ ችግር እየሠራበት ነው።

ጌመሩ፦

ሞጁሉን እንጂ ሙሉውን አይደለም። ከሞጁሉ በላይ ያለው የድራይቨሩ ክፍል እስከ አሁን ዝግ ነው። የድሮ ካርድ ከሆነ ደግሞ የማክስዌልና የፓስካል ትውልዶች በአዲሱ ክፍት ሞጁል አይሄዱም፣ 580 የሚባለው የድራይቨር ቅርንጫፍ የመጨረሻቸው ነው። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው) በርቶ ከሆነ ሞጁሉን መፈረም አለ፣ ከርነል ሲታደስ እንደገና መገንባት አለ። ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ሁሉ ለምን? እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ከዝማኔ በኋላ ጥቁር ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጬ አውቃለሁ።

ግራፊክሱ የኤኤምዲ ከሆነ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ነው፣ ሜሳ (ክፍቱ የግራፊክስ ሶፍትዌር) አለ፣ አለቀ። ኢንቴልም እንደዚያው። ለእሷ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ግራፊክስ ይበቃታል።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ የኤኤምዲ ጣጣም ልንገራችሁ፦ ኤችዲኤምአይ 2.1ን (የስክሪን ገመድ ደረጃ ነው) በክፍት ድራይቨሩ ውስጥ ለማስገባት ሞክረው የኤችዲኤምአይ ፎረም በ2024 ከለከላቸው። ትልቅ ስክሪን በከፍተኛ ፍጥነት ለማሠራት የምትፈልጉ በሌላው የስክሪን መሰኪያ፣ በዲስፕሌይፖርት ሂዱ።

ባለ_ተርሚናል፦

እሺ፣ ለእሷ በሚለው ላይ ተስማምተናል። ክርክሩን ሌላ ቀን።

ሰማያዊ_ስክሪን፦

ሁለታችሁም ተባረኩ፣ ግራፊክሱ ገባኝ። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የድሮው ላፕቶፔ ላይ ትእዛዙን ስሰጠው ዋይፋዩ ሥር የድራይቨር ስም አለ። አውቆታል ማለት ነው አይደል? ታዲያ ለምን ይቆረጣል? ደግሞ በመልእክቶቹ ውስጥ "ፈርምዌር" የሚል ነገር ደጋግሞ ይላል። ከድራይቨር በምን ይለያል?

ጋሽ_ፔንግዊን፦

ልጄ፣ ይሄን ለእኔ ተዉት።

ድራይቨር የሚሠራው ያንቺ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ላይ ነው። ፈርምዌር ደግሞ ዕቃው ራሱ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ዋይፋይ ካርድ ዛሬ ትንሽ ኮምፒውተር ናት፤ ስትበራ ባዶ ጭንቅላት ናት፣ ድራይቨሩ ፈርምዌሩን ከዲስክሽ አንስቶ ያጎርሳታል፣ ከዚያ ነፍስ ትዘራለች። ፋይሉ ከጠፋ ወይም ካረጀ ድራይቨሩ ቆሞ ካርዷ ትሞታለች፣ ወይም እንዳንቺው ትነጫነጫለች። የፋይሉ ኮድ በአብዛኛው ዝግ ነው፤ ዴቢያን የሚባለው ስርጭት ለብዙ ዓመት በመርህ ምክንያት ከመጫኛው አስወጥቶት ነበር፣ ሰው ዴቢያን ሊጭን ይቀመጥና ዋይፋይ ያጣል። በ2023 ከዴቢያን 12 ጀምሮ ግን መጫኛው ውስጥ አስገቡት። እኔ መርሁን አከብራለሁ፣ ግን ደስ ብሎኛል።

አሁን ያላችሁበትን ጊዜ አታማሩ። በኛ ጊዜ ዊንሞደም የሚባል ጉድ ነበር። በስልክ መስመር ኢንተርኔት የምንገባበት ሞደም ነው። አምራቾቹ ዋጋ ለመቀነስ ግማሹን ሥራ ከካርዱ አውጥተው ለዊንዶውስ ሶፍትዌር ሰጡት። ሊኑክስ ላይ ስትሰኪው ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። እኔ አንዱን ገዝቼ ሦስት ሳምንት ታግያለሁ፣ ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ ውጪ የሚቀመጥ፣ በሲሪያል ገመድ የሚሰካ ሞደም ገዛሁ፣ በአምስት ደቂቃ ሠራ። ያ ሞደም መሳቢያዬ ውስጥ አሁንም አለ፣ አልጥለውም።

ያንቺን መቆራረጥ በተመለከተ፦ መጀመሪያ የፈርምዌሩን ጥቅል አድሺ፣ ቀጥሎ የዋይፋዩን ኃይል ቆጣቢ አጥፊና እዪው።

ሰማያዊ_ስክሪን፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ኃይል ቆጣቢውን አጠፋሁት፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተቆረጠም! የክዳኑ ነገር ግን እንዳለ ነው።

ዝምተኛው፦

ዋይፋዩ ካስቸገረ ትንሽዋን የዩኤስቢ ዋይፋይ አትግዢ። ገዝቼ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ሰዎች የሚያመሰግኑትን ሞዴል አይቼ ነው የገዛሁት፣ ሳጥኑም አንድ ነው፣ ከታች በደቃቅ ጽሑፍ "ስሪት 3" ይላል። ስሪት 1 ውስጥ የነበረው ቺፕ ሌላ፣ የኔው ሌላ። ስሰካው ደግሞ ዋይፋይ ሆኖ ሳይሆን የዊንዶውስ ድራይቨር የያዘ ሲዲ ሆኖ ነው የታየኝ! ሲዲውን "ካስወጣሁት" በኋላ ነው ወደ ዋይፋይነት የተለወጠው። ድራይቨሩን ከማላውቀው ሰው ገጽ አውርጄ ገነባሁት፣ ሁለት ወር ሄደ፣ ከርነሉ ሲታደስ ተሰበረ፣ ሰውየውም ገጹን ትቶት ጠፍቷል።

ባለ_ተርሚናል፦

ለዚህ ነው ከርነሉ ውስጥ ያለ ድራይቨር የምንለው። ውጪ ያለ ሁሉ በአንድ ሰው ትርፍ ጊዜ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ዋይፋይ ካርዱ ኤም ነጥብ 2 በሚባለው ማስገቢያ የተሰካ ከሆነ መቀየር ይቻላል፣ አንድ ቡሎንና ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን አይነካም፣ ከመግዛትሽ በፊት እዪ። ስትቀይሪ አንድ ወጥመድ አለ፦ ኢንቴል ኤኤክስ 201 እና 211 ግማሽ ሥራቸውን የሚሠሩት ኢንቴል ቺፕሴት ውስጥ ነው። ኤኤምዲ ማሽን ላይ ብትሰኪያቸው ልክ ይገባሉ፣ ግን አይሠሩም። 210 ነው የምትፈልጊው።

ያገለገለ_ይሻላል፦

የክዳኑን ነገር ማንም አልመለሰላትም።

እንቅልፍ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው ኤስ 3 የሚባለው ሁሉንም አጥፍቶ ሚሞሪውን ብቻ ያበራል። አዲሱ ማሽኑን በትክክል አያጠፋውም፣ እንደ ስልክ ያንቀላፋል እንጂ። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ኤስ 3 ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ የለም። አዲሱ ዓይነት የሚሳካው ሁሉም ዕቃ አብሮ ሲተኛ ነው፤ አንዱ ከነቃ ሁሉም ነቅተው ያድራሉ። እኔ አንዱን ላፕቶፕ ማታ በ90 ፐርሰንት ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ጠዋት ሳወጣው እንደ ካውያ ይግል ነበር፣ ባትሪው ሞቷል።

ማየት ከፈለግሽ ሲስ በሚለው ማህደር ውስጥ፣ ፓወር ከሚለው ሥር፣ ሜምስሊፕ የሚባል ፋይል አለ (ሜም እና ስሊፕ በታች ሰረዝ ተያይዘው)። ክፈቺው። "ዲፕ" የሚል ቃል ካለበት ኤስ 3 አለሽ። በቅንፍ የተያዘው አሁን የምትጠቀሚበት ነው።

ዝምተኛው፦

እና ካሜራ! የቪዲዮ ስብሰባ ብዙ ነው አልሽ። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ፣ በተለይ ከኢንቴል 12ኛ ትውልድ ወዲህ፣ ካሜራው እንደ ተራ የዩኤስቢ ካሜራ አይደለም። አይፒዩ 6 በሚባል የኢንቴል ምስል ማቀናበሪያ በኩል ነው የሚያልፈው። ከከርነል 6.10 ጀምሮ የድራይቨሩ አንድ ክፍል ገብቷል፣ ግን ምስሉን የሚያስተካክለው ሌላ ሶፍትዌር ነው፣ ሁሉም ላይ እኩል አይሄድም። ተራው የዩኤስቢ ካሜራ ከሆነ ግን ሃሳብ አይግባሽ።

ጋሽ_ፔንግዊን፦

ይሄን ሁሉ በወሬ ከምትመዝኚ ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ሊኑክስ ከፍላሽ ላይ ሳይጫን ይነሳል። ሻጩን "አሥር ደቂቃ ስጠኝ" በይው። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ አለ።

ሰማያዊ_ስክሪን፦

ዛሬ ሄድኩ!! ፍላሽ ላይ የቅርቡን ፌዶራ ጽፌ ይዤ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ቫይረስ ልጭንበት መስሎት ተጠራጥሮኝ ነበር፣ "አይጫንም፣ ፍላሹን ስነቅለው ምንም አይቀርም" ብዬ ማልኩለት። ከዚያ ራሱም ቆሞ ያይ ጀመር።

አንደኛው ላፕቶፕ ስስ፣ የሚያምር፣ አዲስ። ዋይፋይ ያዘ። ድምፅ የለም፣ ዝም። ካሜራ "አልተገኘም" አለኝ። ደግሞ በጣም ያስደነገጠኝ፣ መጫኛውን ከፍቼ ሳይ ዲስክ የለም ይላል። ዲስኩ ዊንዶውስ ላይ አለ፣ እዚህ የለም። እንዴት ነው?

ሁለተኛው ያገለገለ ነው፣ ወፍራም፣ ትንሽ የተጫረ። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ የብርሃን ማስተካከያ ቁልፎቹ ሳይቀሩ ሁሉም ሠሩ። ክዳኑን ዘጋሁ፣ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፣ ከፈትኩ። ተነሳ። እንደገና ዘጋሁ፣ ተነሳ። ሻጩ "ስንት ጊዜ ነው የምትዘጊው?" አለኝ። አምስቴ።

ባለ_ተርሚናል፦

ጎበዝ! የዲስኩ ነገር ምናልባት ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ቅንብር) ላይ ቪኤምዲ ወይም አርኤስቲ የሚባለው የኢንቴል የዲስክ አሠራር በርቶ ነው። ወደ ተለመደው አሠራር፣ ወደ ኤኤችሲአይ ስትቀይሪው ይታያል። ግን ተጠንቀቂ፣ ዊንዶውስ ያለበት ማሽን ላይ ሳትዘጋጂ ከቀየርሽው ዊንዶውሱ አልነሳም ይልሻል፤ መጀመሪያ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አድርጎ ነው የሚቀየረው። የሻጩ ማሽን ላይ አለመንካትሽ ጥሩ አደረግሽ።

ድምፁ ምናልባት ሶፍ የሚባለው የድምፅ ፈርምዌር ወይም የድምፅ ማጉያው ቺፕ ነው። ጊዜ ይፈታዋል፣ ግን የአንቺን ጊዜ ነው የሚበላው። ወፍራሙን ግዢ።

ጌመሩ፦

ወፍራሙን። ጭረቱ ላይ ስቲከር ለጥፊበት።

መንገደኛ_22፦

ይቅርታ በመሃል ልግባ። ስናፕድራጎን ኤክስ ፕሮሰሰር ያላቸው አዳዲስ ላፕቶፖችስ? ባትሪያቸው ውሎ ያድራል ይባላል። የአፕል ማኮችስ?

ባለ_ተርሚናል፦

ስናፕድራጎን ላይ እያንዳንዱ ሞዴል ለብቻው መደገፍ አለበት፤ እንደ ተለመደው ፒሲ አንድ ፍላሽ ሁሉም ላይ አይነሳም። ሞዴልህ ላይ የሠራ ሰው በስም ካላገኘህ አትግባ። ማክ ላይ አሳሂ ሊኑክስ አለ፤ ኤም 1 እና ኤም 2 ቺፕ ባላቸው ላይ ጥሩ ደረጃ ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ላሉት ብለህ ግን አትግዛ። ባትሪው እውነት ነው፣ እኔም እቀናለሁ።

ያገለገለ_ይሻላል፦

ፕሪንተር ስትገዢ ደግሞ ኤርፕሪንት ወይም አይፒፒ ኤቭሪዌር የሚል ፈልጊ፣ ድራይቨር የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ዶክ (ስክሪንና ሌላ ዕቃ በአንድ ገመድ የሚያገናኝ) ከፈለግሽ በዲስፕሌይሊንክ ቺፕ የማይሠራውን።

ሰማያዊ_ስክሪን፦

ገዛሁት። ወፍራሙን።

የአንድ ሳምንት ሪፖርት፦ ዋይፋይ አልተቆረጠም። ሌሊቱን ክዳኑ ተዘግቶ አድሮ ባትሪው 4 ፐርሰንት ብቻ ነው የቀነሰው። ስብሰባ ላይ ካሜራው ደህና ነው፣ ፊቴ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። የባዮስ ዝማኔ እንኳ በኤፍደብሊዩፒዲ (ፈርምዌር አዳሽ ፕሮግራም) በኩል ከሶፍትዌር መደብሩ መጣልኝ፣ ዊንዶውስ ሳያስፈልግ። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ያልሠራው የጣት አሻራ አንባቢው ነው። ሻጩ ጋ መሞከር ረሳሁት። ቁጥሩን በኤልኤስዩኤስቢ አውጥቼ ሊብኤፍፕሪንት (የጣት አሻራ ሶፍትዌሩ) ከሚደግፋቸው ዝርዝር ጋር አመሳከርኩ፣ የለም። በቃ የይለፍ ቃሌን እጽፋለሁ።

ጋሽ_ፔንግዊን፦

እንኳን ደስ ያለሽ። ኤችደብሊው ፕሮብ የሚባለውን የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም አስኪጂና ውጤቱን ሊኑክስ ሃርድዌር የሚባለው ገጽ ላይ ጫኚው። አሻራ አንባቢው እንደማይሠራም ጻፊ፤ የሠራውን ብቻ አትጻፊ።

ሰማያዊ_ስክሪን፦

እሺ ጋሼ፣ ጫንኩት። አሻራውንም ጽፌዋለሁ።

መንገደኛ_22፦

ደስ ይላል! የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል ንገሪኝ፣ እኔም እሱኑ ልግዛ።

ሰማያዊ_ስክሪን፦

ሞዴሉን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ ወንድሜ። የኔ ዋይፋይ ቁጥሩ በ8086 ነው የሚጀምረው። ያንተ በምን እንደሚጀምር ግን ፍላሽህን ይዘህ ሄደህ እየው። ክዳኑንም አምስቴ ዝጋው።